በኮርቻ ሰሪዎች ከተማ፦ የመዳብ ሪቬትና የሚቆርጠው ጉጠት

ዋልሶል ከበርሚንግሃም በባቡር ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የሚደረስባት፣ በቀይ ጡብ የተገነባች የእንግሊዝ የፋብሪካ ከተማ ናት። አገር ጎብኚ አይጋፋባትም። ኑሮው ከቆዳ ጋር ለሆነ ሰው ግን ከሎንዶን ትበልጣለች። ከመቶ ዓመት በላይ ብዙ የዓለም ፈረሰኛ የተቀመጠበት ኮርቻ፣ የያዘው ልጓም፣ የረገጠው እርካብ የወጣው ከዚህች ከተማ ነው። የእግር ኳስ ክለቧ ቅጽል ስም ሳይቀር «ኮርቻ ሰሪዎቹ» ነው።

ያረፍኩት በርሚንግሃም፣ የአክስቴ ልጅ ዘንድ ነበር። ወዴት እንደምሄድ ስነግራት «ዋልሶል ደግሞ ምን አለ ብለህ ነው?» አለችኝ። ያለው ነገር ለእኔ ትልቅ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ቀበቶ፣ የመሣሪያ ቦርሳ፣ አልፎ አልፎም የፈረስ ዕቃ እሠራለሁ። ከስፌቱም ከቀለሙም በላይ ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ የሪቬቱ ጀርባ ነው። ከፊት የሚያበራ መዳብ ከኋላ ሸካራ ሆኖ ሸሚዝ ሲቦጭቅ፣ የፈረስ ጎን ሲልጥ አይቻለሁ። ኮርቻ ሰሪዎቹ ያንን ጀርባ በምን እንደሚያለሰልሱት፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ትርፉን ዘንግ በምን እንደሚቆርጡት በዓይኔ ማየት ፈለግሁ።

ሪቬት ስል ጋራዥ ውስጥ በሽጉጥ የሚመታውን የአሉሚኒየም ዓይነት ማለቴ አይደለም። የቆዳ ሠራተኛው የመዳብ ሪቬት ሁለት ነገር ነው፦ ጠፍጣፋ ራስ ያለው ድፍን ዘንግ፣ በላዩም በኃይል የሚገባ ጠባብ የመዳብ ሮንዴላ። ዘንጉ በተበሳው ቆዳ ያልፋል፤ ሮንዴላው ከኋላ በኩል ተመትቶ እስከ ቆዳው ይወርዳል፤ ትርፉ ይቆረጣል፤ የቀረው ጉቶ በመዶሻ ተቀጥቅጦ በሮንዴላው ላይ ይተኛል። ውፍረቱ የሚታወቀው በቁጥር ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዘንጉ ይወፍራል፤ በእንግሊዞቹ የሽቦ መለኪያ 8 ቁጥር 4 ሚሊ ሜትር፣ 12 ቁጥር ደግሞ 2.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው።

መዳብ የተመረጠው ለውበቱ ብቻ አይደለም። በዛፍ ቅርፊት የለፋ ቆዳ ውስጥ ያለው ታኒን ብረት ሲያገኝ ይጠቁራል፤ ብረቱም ዝጎ ዙሪያውን ያለውን ቆዳ ይበላል። መዳብ ግን ቢያረጅ በቆዳው ቅባት አረንጓዴ ሻጋታ መሳይ ነገር ያወጣል እንጂ መያዣውን አይለቅም። ለስላሳ ስለሆነም በትንሽ መዶሻ ቅርጹን ይቀበላል።

ከተማዋ የቆመችበት ምድር የብረት ማዕድን፣ የድንጋይ ከሰልና የኖራ ድንጋይ ያለበት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የታወቀችው በብረቱ ነበር፤ ልጓም፣ እርካብና ዘለበት የሚሠሩት ባለሙያዎች ከቆዳ ሠራተኞቹ ቀድመው ስም አውጥተዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባቡር ገብቶ ንግዱ ሲሰፋ ቆዳው ብረቱን ተከተለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወርክሾፖቹ ለሠራዊቱ ፈረሶችና በቅሎዎች ኮርቻና መጎተቻ ሲያመርቱ ከረሙ። መኪና ፈረስን ከመንገድ ሲያስወጣ ደግሞ ብዙዎቹ ወደ ቦርሳና ወደ ቀበቶ ዞሩ። ዳግማዊት ንግሥት ኤልሳቤጥ በሕይወት ሳሉ ከክንዳቸው የማይለዩት የነበረው የላውነር የእጅ ቦርሳ የሚሠራው እዚሁ ዋልሶል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1988 የተከፈተው የቆዳ ሙዚየም ያለው በአሮጌ የቆዳ ፋብሪካ ሕንፃ ውስጥ ነው። ብርሃን በደንብ እንዲገባ መስኮቶቹ ሰፋፊ ናቸው፤ ጠረጴዛዎቹም ከመስኮቱ ሥር ተደርድረዋል። የቆዳና የሰም ሽታው ገና ከበሩ ይቀበላል። ደስ ያሰኘኝ ዕቃው በመስተዋት ተዘግቶ አለመቅረቱ ነው፤ ባለሙያዎች ተቀምጠው እየሠሩ ያሳያሉ፤ የጠየቃቸውን ሰው ደግሞ አይሰለቹም። መሣሪያውን የሚሠሩትም ከዚያው አካባቢ ሩቅ አልነበሩም። ጆሴፍ ዲክሰን የተባለው የቆዳ መሣሪያ አምራች እ.ኤ.አ. በ1839 የተቋቋመው በዋልሶል ነው፤ የሼፊልዱ ጆርጅ ባርንስሊ ደግሞ በ1836። ቢላው፣ ወስፌውና መብሻው ከሠራተኛው ደጃፍ ይወጣ ነበር ማለት ነው። መሣሪያው ያስቸገረው ሠራተኛ ሄዶ ለሠራው ሰው ይነግረዋል። ይህ ቅርበት ለሥራው ጥራት ምን ያህል እንደሚጠቅም፣ መሣሪያውን ከባሕር ማዶ ለሚጠብቅ እንደ እኔ ላለ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ሙዚየሙ ውስጥ የጀመርኩት ጥያቄ ወደ አንድ ትንሽ ወርክሾፕ መራኝ። እዚያ አንድ አዛውንት የጋሪ ፈረስ ዕቃ ይሠራሉ። ከየት እንደመጣሁ ሲሰሙ ቀድመው ያነሡት ጓንት ነው። የእኛን የበግ ቆዳ የሚያውቁት በጓንት ነበር። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በዮቪል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1826 የተቋቋመው ፒታርድስ የኢትዮጵያን የበግ ቆዳ ለጓንት ሲያዘጋጅ ኖሯል፤ ኤጄርሳ ያለውንም የቆዳ ፋብሪካ ይዞ ሠርቷል። «ቀጭንና ጠንካራ ቆዳ ነው» አሉኝ፤ ከዚያም ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወፍራም የበሬ ቆዳ መታ መታ አድርገው፣ «ያኛው ክር ይበቃዋል፤ ይኼ ግን መዳብ ይፈልጋል» አሉ።

በእጃቸው የነበረው ሁለት እጥፍ ተደርቦ ስምንት ሚሊ ሜትር ያህል የወፈረ ጠፍር ነው። ቀዳዳው የተበሳው ልክ በዘንጉ ውፍረት ነበር፤ ሪቬቱን በአውራ ጣታቸው ሲገፉት ትንሽ አንገራግሮ ገባ። ቀዳዳ ከሰፋ ዘንጉ ሲመታ በውስጡ ይጣመማል፤ ከዚያ በኋላ የቱም ጉጠት ሥራውን አያቃናውም። ራሱን በብረት ሰደቃ ላይ አስደግፈው ሮንዴላውን ቀዳዳ ባለው መምቻ አወረዱት። ከኋላ የጣት ጥፍር የሚያህል ዘንግ ቆሞ ቀረ። እዚህ ላይ ጠጋ ብዬ አየሁ። ሌላ ሮንዴላ አንሥተው፣ ቀዳዳውን ጥቂት ያሰፉትን፣ በቆመው ዘንግ ላይ እንዲሁ ጣል አደረጉት። ጉጠቱን በዚያ ላይ አስተኝተው በግራ እጃቸው ከለሉና ጨመቁት። ቀጭን ድምፅ ተሰማ፤ ቁራጩ መዳፋቸው ውስጥ ቀረ። ያንን ሁለተኛ ሮንዴላ ሲያነሡት የቀረው ጉቶ ቁመቱ ተለክቶ የተቆረጠ ነበር። ሮንዴላው ሁለት ሥራ ሠራ፦ የጉጠቱ አፍ ቆዳውን እንዳይነክስ ጠበቀ፤ የጉቶውንም ቁመት ለካ።

ከዚያ የመዶሻው ክብ ራስ መጣ። ኃይለኛ ምት አልነበረም። ጉቶውን በዙሪያው ቀለል ቀለል አድርገው እየመቱ ወደ ውጭ አፈሰሱት፤ መጨረሻ ላይ ሾጠጥ ያለ ጎድጓዳ መምቻ አስቀምጠው ጉልላት አስመሰሉት። ሲጨርሱ ጥቂት ጥጥ አንሥተው በሪቬቱ ላይ አሻሹት። ጥጡ አንድም ጭረት ሳይተው አለፈ። «ጥጥ ከያዘ ጠጉር ይይዛል» አሉኝ። የዚያ ወርክሾፕ የጥራት ቁጥጥር ይኸው ነው።

የመቁረጫ ምርጫውን ነገር በዚያው ጠረጴዛ ላይ በሚገባ ተወያየንበት፤ የየመሣሪያውንም ቁራጭ አጠገብ ለአጠገብ አድርጌ አየሁ።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሚይዘው ከጎን የሚቆርጠው ፒንሳ በየሱቁ አለ፤ ብዙዎቻችን የምንጠቀመውም እሱን ነው። ለዚህ ሥራ ግን ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛ፣ ምላጮቹ ከሁለቱም ወገን የተሳሉ ስለሆኑ መዳቡን ገፍተው ይለያዩታል፤ የተቆረጠው ጫፍ እንደ ቤት ጣሪያ ሁለት ተዳፋት ያለው ሹል ይሆናል። ያ ሹል ሲቀጠቀጥ ወደ አንድ ጎን ይታጠፋል፤ ከሥሩም ስንጥቅ ይተዋል። ሁለተኛ፣ እጀታው ከቆዳው ጋር ስለሚጋጭ ፒንሳው አጋድሎ ይገባል፤ ጉቶውም በአንድ ወገን ረዝሞ በሌላው ያጥራል።

ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግኑ ሰዎች የሚይዙት ቀጭን መቁረጫ በአንጻሩ ጫፉን ልሙጥ አድርጎ ይተዋል፤ ምላጩ የተሳለው ከአንድ ወገን ብቻ ነውና። ነገር ግን የተሠራው ለፀጉር መሳይ ሽቦ ነው። አራት ሚሊ ሜትር መዳብ ሲሰጡት አፉ ይሸረፋል። ለትንንሽ የቦርሳ ሪቬት ሊያገለግል ይችላል፤ ለፈረስ ዕቃ ግን አይሆንም።

የአናጢው ሚስማር መንቀያ ጉጠት ከሁለቱም ይሻላል። አፉ ከእጀታው ጋር መስቀለኛ ስለሆነ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ችግሩ ሚስማር ቆንጥጦ ለመያዝ እንጂ ለመቁረጥ ብሎ የተሳለ አለመሆኑ ነው፤ አዲሱን ገዝተው ወዲያው ቢቆርጡበት መዳቡን ያኝከዋል።

ትክክለኛው መሣሪያ የዚሁ የጉጠቱ ዘመድ የሆነው፣ ከፊት የሚቆርጠው ጉጠት ነው። ቅርጹ ያው ነው፤ ምላጩ ግን ደድሮ ለመቁረጥ የተሳለ ነው። ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል፣ እጀታውም ከቆዳው በላይ ስለሚቆም እጅ አይጣበብም። በጀርመን ዉፐርታል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1882 እንደተቋቋመው ክኒፔክስ ያሉ አምራቾች በየመቁረጫቸው ለስላሳ፣ መካከለኛና ጠንካራ ሽቦ እስከ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚቆርጥ ለይተው ይጽፋሉ። ገዢ ሊያነበው የሚገባው ይህን ቁጥር ነው። መዳብ የሚመደበው ከለስላሳው ነው፤ ቢሆንም ከሪቬትዎ ውፍረት ትንሽ ከፍ የሚል አቅም ያለውን ይምረጡ። እጀታው 200 ሚሊ ሜትር ያህል ከሆነ ለ8 ቁጥር ሪቬት ጉልበቱ ይበቃል። የእጅ መገጣጠሚያ ለሚያመው ሰው ወይም ቀኑን ሙሉ ሲቆርጥ ለሚውል፣ ድርብ ማጠፊያ ያለው ትንሽ የብሎን መቁረጫ ድካሙን በብዙ ይቀንሳል። ብቻ አፉ ወፍራም ስለሆነ ከዘለበት አጠገብ ያለ ሪቬት ጋ አይደርስም።

በመጋዝ ወይም በሚሽከረከር ዲስክ መቁረጥስ? ቀጭን መጋዝ ጫፉን አሳምሮ ይቆርጣል፤ ጊዜ ይወስዳል፣ የመዳብ ብናኙም ቆዳው ላይ ይቀራል። ስለ ዲስኩ ግን አዛውንቱ ቆጣ ብለው ነው የተናገሩት። መዳብ ሙቀትን ከንጹሕ ብረት በአምስት እጥፍ ያህል ያስተላልፋል። ጫፉ ላይ የተፈጠረው ግለት በዘንጉ ወርዶ ቆዳው ውስጥ ይገባል፤ በቅርፊት የለፋ ቆዳ ደግሞ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት መኮማተር ይጀምራል። ከላይ ያማረ የሚመስል ሪቬት በውስጡ በተጠበሰ ቀዳዳ ላይ ቆሞ ይቀራል። ኋላ ጭነት ሲመጣ የሚቀደደው እዚያ ጋ ነው።

ጉጠት ሲገዙ ሦስት ነገር እንዲያዩ መከሩኝ፤ እኔም ለአንባቢዬ አስተላልፋለሁ። አፉን ገጥመው ወደ ብርሃን ያንሡት፤ በምላጮቹ መካከል ብርሃን ካለፈ ይመልሱት። ቀጭን ወረቀት በአፉ ዳርና ዳር ይቁረጡበት፤ መሃሉ ቆርጦ ዳሩ ካኘከ ምላጩ እኩል አልተገናኘም። ከዚያ እጀታዎቹን ወደ ላይና ወደ ታች ያነቃንቁ፤ ማጠፊያው ላይ ላላ ያለ ጉጠት ዛሬ ቢቆርጥም ነገ አፉ ይሳሳታል። አሮጌ ጉጠት በርካሽ ማግኘትም ነውር የለውም። የፊቱን ተዳፋት በድንጋይ ወይም በሞረድ ጥቂት አንሥቶ ልሙጥ ማድረግ ይቻላል፤ ሞተር ባለው ድንጋይ ከሆነ ግን ቶሎ ቶሎ ውኃ ውስጥ መንከር ግድ ነው። ብረቱ ሰማያዊ ቀለም ካወጣ ጥንካሬው ሄዷል።

ከገዙ በኋላ ያለው ሕግ አንድ ነው፦ የመዳብ ጉጠት ለመዳብ ብቻ። አንድ ቀን ሚስማር የተቆረጠበት ምላጭ ጥርስ ያወጣል፤ ያ ጥርስ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሚቆረጠው ሪቬት ሁሉ ላይ ጭረት ያትማል። አዛውንቱ የእሳቸውን ጉጠት በቀይ ክር ጠምጥመው ምልክት አድርገውበታል፤ የወርክሾፑ ሰው ሁሉ ያንን ያውቃል።

የጉቶው ቁመት ደግሞ የጉጠቱን ያህል ይወስናል። ለ8 ቁጥር ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር፣ ለ12 ቁጥር ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሚሊ ሜትር መተው ይበቃል። ከዚያ ካጠረ ሮንዴላውን የሚይዝ መዳብ አይኖርም። ከረዘመ ጉቶው ሲመታ ይጎብጣል፤ ወይም ሰውዬው እስኪተኛለት ብዙ ይመታዋል። መዳብ በተመታ ቁጥር እየጠነከረ ይሄዳል፤ ከመጠን በላይ የተቀጠቀጠ ጠርዝም ይሰነጠቃል። በልክ የተቆረጠ ጉቶ በጥቂት ምት ያልቃል። መዶሻው የሚደክመው መቁረጫው ሥራውን ሳይሠራ ሲቀር ነው።

ይህች ትንሽ መዳብ ከፈረስ ዕቃ ተነሥታ ሩቅ ተጉዛለች። አሜሪካ ውስጥ፣ በኔቫዳ ግዛት ሬኖ ከተማ፣ ጄኮብ ዴቪስ የተባለ ልብስ ሰፊ የፈረስ ልብስ ማሰሪያ የሚይዝበት የመዳብ ሪቬት ነበረው። የሠራተኛ ሱሪ ኪስ ቶሎ ቶሎ እየተቀደደ ሲያስቸግር ያንኑ ሪቬት ኪሱ ጥግ ላይ መታበት። እ.ኤ.አ. በ1873 ከሊቫይ ስትራውስ ጋር የባለቤትነት መብት አወጡበት። ዛሬ ዓለም የሚለብሰው ጂንስ ኪስ ላይ ያለችው መዳብ ዘሯ ከፈረስ ዕቃ ሠራተኛው ጠረጴዛ ነው።

እኛ ግን ፈረሱም አህያውም ገና ከመንገዳችን አልወጡም። በአንዳንድ ከተሞቻችን ጋሪ ሰው ይጭናል፤ አህያ ውኃና እህል ታደርሳለች። ኢትዮጵያ አህያ በብዛት ካላቸው የዓለም አገሮች ግንባር ቀደም ናት። በአገው ምድር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሰኞች አጊጠው ሲወጡ ያየ ሰው ለፈረስ ዕቃ ያለንን ፍቅር አይጠራጠርም። በሥራ ቀን ግን የጋሪ ፈረሱ ደረትና ጀርባ ላይ ያለው ብዙ ጊዜ የናይለን ገመድ፣ የመኪና ጎማ ቁራጭና የተጠመዘዘ ሽቦ ነው። የእንግሊዙ የአህያ በጎ አድራጎት ድርጅት ዶንኪ ሳንክቹዋሪን የመሳሰሉት በአገራችን ሲሠሩ ከኖሩበት ችግር አንዱ ይኸው የዕቃ ቁስል ነው። ቁስሉ በመድኃኒት ይደርቃል፤ ያቆሰለው ሽቦ እስካልወጣ ድረስ ግን በማግስቱ ይመለሳል።

ስለዚህ ዋልሶልን ሳይ ያሰብኩት ስለ ንግሥቲቱ ቦርሳ አልነበረም። ያሰብኩት በአገራችን ሲናቅና ሲሰደብ ስለኖረው ቆዳ ሠራተኛ ነው። ከአፍሪካ ቀዳሚ የሆነ የከብት ሀብት አለን፤ ወፍራሙ የበሬ ቆዳ ከእጃችን ነው። ጠፍር መቁረጥም መስፋትም ከአባቶቻችን የተማርነው ነው። የቀረን ነገር የመጨረሻዋን ሁለት ሚሊ ሜትር ማክበር ነው፤ ይህም ትልቅ ፋብሪካ አይጠይቅም። አንድ ጥሩ ጉጠት፣ አንድ ክብ ራስ መዶሻ፣ ጥቂት ጥጥና መዳቡን በልክ የሚቆርጥ ትዕግሥተኛ እጅ ይበቃል።

ለሙያ ወንድሞቼና እህቶቼ የምለው ይህ ነው፦ ገንዘባችሁ ለአንድ መሣሪያ ብቻ ከበቃ መጀመሪያ የምትገዙት ከፊት የሚቆርጠው ጉጠት ይሁን፤ ለመዳብ ብቻ ይሁን። የሙያ ማሰልጠኛዎቻችንም ተማሪውን ስለ ስፌት ሲያስተምሩ የሪቬቱን ጀርባ እንዲፈትን ያስተምሩት። ገዢዎችም ቀበቶ ሆነ የፈረስ ዕቃ ስትገዙ ገልብጣችሁ ጀርባውን በጣታችሁ ዳስሱ፤ ከሻከረ ለሠሪው መልሱለት። እንስሳው መመለስ አይችልምና እናንተ መልሱለት።